«ተልኳል» ማለት ምን ማለት ነው? ከሶፍትዌር ማሻሻያ በኋላ የሚሰናከሉ የኢሜይል ማክሮዎች



አንድ ሁኔታ በምናባችን እንያዝ። በደብረ ታቦር ያለ የዞን መሥሪያ ቤት ባለሙያ የወረዳዎችን ስም፣ የኢሜይል አድራሻና የስብሰባ ቀን የያዘ የኤክሴል ሰንጠረዥ አለው። አንድ ቁልፍ ሲጫን ማክሮው ለላይ ጋይንት፣ ለታች ጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ጥሪውን በአውትሉክ በኩል ይልካል፤ በየስሙ ትይዩም «ተልኳል» ብሎ ይጽፋል። የቢሮው ሶፍትዌር በአዲስ ከተተካ በኋላም ቁልፉ ይጫናል፤ «ተልኳል» ይጻፋል። ነገር ግን ከወገዳም ከመካነ ኢየሱስም ለስብሰባው የመጣ የለም። ጥሪው ከዞኑ ቢሮ አልወጣም ነበር።

ምርመራው የሚጀመረው ከዚህ ዝምታ ነው። ብዙ ማክሮዎች «ኦን ኤረር ሪዚዩም ኔክስት» የሚል መስመር አላቸው፤ ትርጉሙም ስሕተት ቢያጋጥምህ አልፈህ ወደሚቀጥለው መስመር ሂድ ማለት ነው። ማክሮው አውትሉክን ማግኘት ሲያቅተው በዝምታ ያልፍና «ተልኳል» የሚለውን ይጽፋል። ስለዚህ አስቀድሞ ይህን መስመር ከሥራ ማስወጣትና እውነተኛው የስሕተት መልእክት እንዲታይ ማድረግ ይገባል።

መልእክቱ ቁጥር 429 ከሆነ ኤክሴል አውትሉክን መቀስቀስ አልቻለም ማለት ነው። «ኒው አውትሉክ» የተባለው አዲሱ ፕሮግራም የቪቢኤ ማክሮን አያስተናግድም፤ ከኤክሴል የሚመጣን ትእዛዝም አይቀበልም። በኮምፒውተሩ ላይ ክላሲክ የሚባለው አውትሉክ መኖሩ ይረጋገጥ። በማክሮ መጻፊያው የ«ሪፈረንስ» ዝርዝር ውስጥ «ሚሲንግ» የሚል ከታየ ደግሞ ማክሮው የታሰረበት የቆየ ቤተ መጻሕፍት ጠፍቷል፤ በ«ክሪኤት ኦብጀክት» አማካይነት ማገናኘቱ ከእትም ጥገኝነት ያላቅቀዋል። ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት የተሻገረ ቢሮም የ«ዲክሌር» መስመሮቹ ላይ «ፒቲአር ሴፍ» የሚለውን ቃል ይጠይቃል።

ቁልፉ ሲጫን ማክሮው ጨርሶ ካልተነሣ ጉዳዩ የፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሜሊሳ የተባለው የማክሮ ቫይረስ በአውትሉክ የአድራሻ ዝርዝር ላይ ለሚገኙ የመጀመሪያ 50 አድራሻዎች ራሱን ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት በመጡ ፋይሎች ውስጥ ያሉ ማክሮዎችን በቀጥታ ማገድ ጀመረ። በኢሜይል ተልኮ የመጣ ሰንጠረዥም ይታገዳል። መፍትሔው የፋይሉን ምንጭ አረጋግጦ ያንን አንድ ፋይል ብቻ መፍቀድ ነው። ለችኮላ ሲባል ጥበቃውን በሙሉ የሚያነሣ ሰው ለሜሊሳ ዓይነቱም በሩን ይከፍታል።

መልእክቱ ደርሶ ይዘቱ ከተበላሸስ? የማክሮ መጻፊያው የግእዝ ፊደልን ስለማያውቅ በኮዱ ውስጥ የተጻፈ አማርኛ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ጽሑፉን በሰንጠረዡ ሕዋስ ውስጥ አስቀምጦ ማክሮው ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ ይህን ያስወግዳል። ቀንም እንዲሁ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ወርን የሚያስቀድመውን የአሜሪካ ልማድ ከያዘ፣ ጳጉሜን 5ን ለማመልከት 5/13/2016 ተብሎ የተጻፈውን ኤክሴል ሜይ 13 ብሎ ይረዳዋል። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በተለያየ ዓምድ መጻፍ ይመረጣል።

ወደ «ተልኳል» እንመለስ። በመዝገብ ቤት ሥርዓት ደብዳቤ ተላከ የሚባለው ተቀባዩ በማስረከቢያው መዝገብ ላይ ሲፈርም ነው። ማክሮ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ሥርዓት ትተነዋል። የአውትሉክ «ሴንድ» ትእዛዝ እንኳ መልእክቱን ወደ አውትቦክስ ከማስገባት በላይ ዋስትና የለውም፤ ኔትወርክ ከሌለ እዚያው ይቀመጣል። እንግዲህ ማክሮው ስሕተት ሲያጋጥመው «አልተላከም» ብሎ ይጻፍ፤ ካልገጠመው ደግሞ «ለመላክ ቀርቧል» ይበል። «ደርሷል» የሚለውን ግን ከነፋስ መውጫ ወይም ከአርብ ገበያ መልስ ሲመጣ ባለሙያው ራሱ ይጻፈው።