ዲስኩ ላይ የተጻፈው ቁጥር
ንፋስ መውጫ ውስጥ፣ በወረታ–ወልድያ መንገድ ዳር ካሉት ብየዳ ቤቶች በአንዳንዶቹ 230 ሚሊ ሜትሩ ትልቁ የመቁረጫ ዲስክ ትንሿ ግራይንደር ላይ ሲታሰር አያለሁ። የሁለቱም ዲስክ የመሃል ቀዳዳ እኩል ስለሆነ ይገባል። ከለላው ግን ስለማያስገባው ተፈትቶ ይጣላል።

"ይቆርጣል እኮ፣ ምን ችግር አለው?" ትሉ ይሆናል። መቁረጡንስ ይቆርጣል። ግን ትልቁ ዲስክ ላይ የሚታተመው የፍጥነት ጣሪያ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 6,600 ዙር ነው፤ ትንሿ ማሽን ደግሞ ባዶዋን እስከ 11,000 ትሽከረከራለች። ዲስኩን ከውስጥ የሚገነጥለው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በካሬው ነው። ፍጥነቱ 1.67 እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 2.8 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ጠርዙ በሰዓት ከ470 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል፤ ከተሰበረ ስብርባሪው የሚወረወረው በዚያው ፍጥነት ነው። የፀሐይ መነጽር (ብዙዎቹ የሚያደርጉት እሱን ነው) አይመክተውም።

ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ ትልቅ ማሽን ባለመግዛት የተረፈው ብር የባለቤቱ ነው፤ ዓይኑን መያዣ ያስያዘው ግን ቀጥሮ የሚያሠራው ልጅ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል።

ዲስክ ስትገዙ መሃሉ ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት እዩ፤ ብዙዎቹ ላይ የአገልግሎት ማብቂያው እዚያ ተጽፏል። በዚህ ደጋ ጭጋግ እርጥብ ወለል ላይ የከረመ ዲስክ ደግሞ ቀኑ ባያልፍም ሙጫው ይደክማል።