ሽታ የማይስማማው ሰው በቆቦ

ዕድሜው የገፋ የቆቦ ሰው ቤት ውስጥ ስለሚሰነብት የኬሚካል ሽታ ቢጠየቅ ቀድሞ የሚያነሣው ሳሙናን ሳይሆን ዲዲቲን ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወባን በግድግዳ ርጭት መከላከል ይቻል እንደሆነ ለማየት በአገራችን ከተመረጡት ጥቂት የሙከራ ሥፍራዎች አንዱ የቆቦ–ጨርጨር ሸለቆ ነበር። በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሲቋቋም ርጭቱ የቆላ ኑሮ አካል ሆነ። ረጪው ፓምፑን አዝሎ ይመጣል፤ እህሉ፣ ዕቃው፣ መኝታው ወደ ደጅ ይወጣል፤ ግድግዳው ነጣ ያለ ዱቄት ለብሶ ይቀራል። እስከ 2009 ገደማ ድረስ ዋናው የርጭት መድኃኒት ዲዲቲ ነበር። ትንኟ ስትላመደው በሌሎች ተተካ።

ታዲያ ረጪዎቹ ዞር ሲሉ ግድግዳውን በጭቃና በእበት መልሶ መምረግ የተለመደ ነበር። ባለሙያዎቹ ድካማቸው ሜዳ ላይ ቀረባቸውና ይህን እንደ አለማወቅ ቆጠሩት። በወባ በኩል ካየነው እውነት አላቸው፤ ርጭቱ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ግን ቤታቸውን ከሚመርጉት ሴቶች አንዷ በዓል ደርሶባት ቢሆን፣ ሌላዋ ሽታው ራሷን ስለሚያዞራት ያደረገችው ሊሆን እንደሚችል ማንም የጠየቀ አይመስልም። ሽታ የማይስማማው ሰው ከጥንትም ነበረ። ስም ያጣ ችግር ሆኖ ነው የኖረው።

ዛሬ ስም አግኝቷል፤ ያውም አንድ ብቻ አይደለም። ሽቶ ሲሸተው አፍንጫው የሚዘጋ፣ ዓይኑ የሚያነባ ሰው «ሳይነስ አለብኝ» ይላል። ደረቱ የሚታፈነው «አስሜ ተነሣ» ይላል። ቆዳው የሚያሳክከው አለርጂ ነው ይላል። እናቶች ደግሞ መልካም መዓዛ ባለው ሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ የወጣን ልጅ ምች ይመታሃል ብለው ይቆጣሉ፤ ዳማከሴ ጨምቀው ያሸቱታል። እነዚህ ሁሉ አንድ በሽታ አይደሉም። የሚያገናኛቸው ጎረቤት ሳይታመምበት እኔ የምታመምበት ነገር አለ የሚለው አቤቱታ ነው። ይህን የሚል ሰው ደግሞ ቆቦም ይሁን አዲስ አበባ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አትቅበጥ» ነው።

ሕክምናው የት ላይ እንደቆመ መለየት ይጠቅማል። ሽቶ የቆዳ አለርጂ እንደሚያመጣ፣ አስም እንደሚቀሰቅስ፣ ማይግሬን እንደሚያስነሣ አከራካሪ አይደለም። አከራካሪው ከዚህ ያለፈው ነው፤ በትንሽ በትንሹ በብዙ ዓይነት ኬሚካል ሁሉ እታመማለሁ የሚለው ሁኔታ። ነገሩን በ1950ዎቹ ያነሣው ቴሮን ራንዶልፍ የተባለ የቺካጎ ሐኪም ነው። በ1987 ማርክ ከለን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የኬሚካል ብዝኀ ስሜታዊነት ልንለው የምንችለውን ስም አወጣለት። በኋላ ሽታው ተሸፍኖ በተደረጉ ሙከራዎች ብዙዎቹ ታማሚዎች እውነተኛውን ኬሚካል ከባዶው አየር መለየት አልቻሉም። ስለዚህ መነሻው ራሱ ኬሚካሉ ነው ወይስ ሰውነት ለሽታ የተማረው ምላሽ ነው የሚለው ክርክር አልተዘጋም። በኔ ግምት ለቆቦ ሰው ይህ ክርክር ብዙም አይጎዳውም። መነሻው የትም ይሁን የት፣ የሚያሳምመውን ሽታ ከቤቱ ቢቀንስ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ችግሩ መቀነስ የሚባለው ነገር እንዴት ይሆናል ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ መልሱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ «ከሽቶ ነፃ» የሚል ሳሙና፣ ሻምፖ፣ የልብስ ማጠቢያ። እዚያም ቢሆን ወጥመድ አለው። «ሽታ የሌለው» የሚለው ጽሑፍ «ሽቶ ያልተጨመረበት» ማለት ላይሆን ይችላል፤ የጥሬ ዕቃውን ሽታ ለመሸፈን ሌላ ሽቶ የተጨመረበት ሊሆን ይችላል። «ፓርፉም» የምትለዋ አንዲት ቃልም በውስጧ በደርዘን የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮችን ልትደብቅ ትችላለች። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ 26 አለርጂ አምጪ የሽቶ ንጥረ ነገሮች በስማቸው እንዲጻፉ አስገደደ፤ በ2023 ባወጣው ደንብ ዝርዝሩን ከ80 በላይ አደረሰው።

ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው ቆቦ፣ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ መፈለግ ውኃ መውቀጥ ነው። ኦሞውም፣ ፈሳሽ ሳሙናውም፣ ቅባቱም የሚሸጠው በመዓዛው ነው። ገዢዋ ፓኬቱን ከፈት አድርጋ፣ አሽትታ ነው የምትመርጠው፤ ሽታው የጠነከረው የበለጠ ያጸዳል ተብሎ ይታመናል። ሽታ አጸዳ ማለት ግን አይደለም፤ ቆሻሻውን የሚያስለቅቀው ሌላ ነገር ነው፣ ሽቶው ከታጠበ በኋላ በልብሱ ላይ እንዲቀር የተጨመረ ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ የሚችልም ቢሆን ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112/2019 መዋቢያዎችን ቁጥጥር ውስጥ አስገብቷል፤ ገላ ላይ የማይቀባ የልብስ ሳሙና ግን መዋቢያ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቆዳችን ላይ ተጣብቆ የሚውለው ደግሞ ከቅባቱ ይልቅ በዚያ ሳሙና የታጠበው ሸሚዝ ነው።

ይህን ስል «ታዲያ ወደ እንዶድ እንመለስ» የሚል አይጠፋም። እንዶድ ክብር የሚገባው ተክል ነው። ፍሬው ደርቆ ሲወቀጥ አረፋ ይሰጣል፤ ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ ለትውልድ ኖሯል። ደጋና ወይና ደጋ ስለሚወድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ቆቦ ከላይ ከተራራው ወገን የሚወርድ ነገር ነው። ዓለም ያወቀው ደግሞ በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ ካየ ወዲህ ነው። ቀንድ አውጣው ብልሃርዝያን ያስተላልፋል፤ ሕመሙ ቆቦ ላለችበት ለራያም ባዕድ አይደለም፣ ዋጃና ጥሙጋ አካባቢ በተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት ተመዝግቧል። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ዓድዋ ላይ በተካሄደው ሙከራ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የብልሃርዝያ ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዷል። አክሊሉ ከባልደረባው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አግኝተዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ነገር ግን እንዶድ ሲወቀጥ አጠገቡ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ብናኙ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል። ቀንድ አውጣውን የገደለው ያው ሳፖኒን ዓሣንም ይገድላል። ሽቶ የለበትም፣ ፋብሪካ አልነካውም፤ አፍንጫው ለሚቆጣ ሰው ግን ከኦሞ የባሰ ሊሆን ይችላል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሞኘው እዚህ ላይ ነው። ቆዳን የሚያስቆጣው ሊናሎል የተባለው ንጥረ ነገር በውድ ሽቶ ውስጥ እንዳለ ሁሉ በበሶብላ ውስጥም አለ፤ አየር ሲያገኘው ይበልጥ አለርጂ አምጪ ይሆናል። የሎሚ ልጣጭም ሊሞኒን አለው። በአሪቲና በቅመም የተነጠረ የራስ ቅቤ፣ ሽታ የማይስማማትን ሴት ከገበያ ቅባት ያድናታል ማለት አይቻልም። ምንም ያልገባበት ለጋ ቅቤ ወይም ተራ ቫዝሊን ይሻላታል፤ ርካሽም ነው።

ራያ ላይ ሽታን መቀነስ ከሳሙና ምርጫ በላይ የሚከብደው ግን ሽታ የጋራ ንብረት ስለሆነ ነው። ነሐሴ 16 የሶለል በዓል ሲገባ የቆቦ ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ቅቤ ተቀብተው፣ ተኩለው ይወጣሉ፤ አሁን አሁን የሽቶ ርጭቱም ተጨምሯል። ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨሳል። በሙስሊሙ ቤት ሐድራው ያለ ዕጣን አይሞቅም፤ በቤተ ክርስቲያን ማዕጠንቱ ከቅዳሴው አይለይም። ወላድና ሙሽራ የወይባ ጢስ ይሞቃሉ። ዕጣኑ ከዛፍ የመጣ ንጹሕ ሙጫ ነው፤ ሲነድ ግን እንደማንኛውም ጢስ ደቃቅ ብናኝ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጢስ ጋር የተያያዘ ሞት 3.2 ሚሊዮን ደርሷል ብሎ ገምቷል። ይህ በዋነኛነት የማገዶ ጢስ ነው፤ አስም ያለበት ሳንባ ግን የማገዶውን ከዕጣኑ አይለይም።

አንድ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ መኖር አይችልም፤ ቢችልም ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ የሚያዋጣው መደራደር ነው፣ ለመደራደር ደግሞ ባህሉ ራሱ ቀዳዳ አለው። በቅጽሩ ውስጥ ከዛፍ ሥር ሆኖ ማስቀደስ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ከሕዝቡ ብዙው የሚያስቀድሰው ውጭ ቆሞ ነው። ሐድራ ላይም በር አጠገብ መቀመጥ ይቻላል። ለቡናው ደግሞ «እትዬ፣ ዕጣኑን ደጅ አጭሺልኝ፣ ደረቴ አይችለውም» ማለት ቡናዋን መናቅ አይሆንም፤ አቦሉ ሳይቀርብ አስቀድሞ ከተነገረ። ተነሥቶ መውጣት ነው የሚያስቀይመው።

ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ከዚህ ይቀላል። መዓዛው ያልተጋነነ ተራ ደረቅ ሳሙና ፈልጎ ለልብስም ለገላም በአንዱ መጽናት፤ አንድ ነገር ብቻ ሲጠቀሙ የሚያሳክከው የቱ እንደሆነ ይታወቃል። አዲሱን ሳሙና ወይም ቅባት መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ቀብቶ ጥቂት ቀን ማየት። ኦሞ ከተጠቀሙ መጠኑን አሳንሶ ደጋግሞ ማለቅለቅ፤ የቆቦ ውኃ በጄሪካን የሚቆጠር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ዱቄቱ ሲበዛ ማለቅለቂያውም ይበዛል። የራያ ፀሐይ ደግሞ የትም የማይገኝ ሀብት ነው፤ ልብስ ላይ የቀረ ሽታ በፀሐይና በነፋስ ይለቃል። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር መቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ሽታ ለማይስማማው ብቻ ሳይሆን ለማንም ሳንባ አደጋ ነው። ሕመሙ ከጠና ቆዳው ለቆዳ ሐኪም ይታይ፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህ ስም ያለው ነው። የአስም መንፊያ መድኃኒት የታዘዘለት ሰውም ከጎኑ አይለየው። በ2021 እና በ2022 ጦርነት የአካባቢው ጤና ተቋማት ተዘርፈውና ፈርሰው ስለነበር፣ ለዚህ ዓይነቱ «ቀላል» ሕመም ወረፋ መጠበቅ ለብዙዎች ቅንጦት ሆኖ ከርሟል።

እስካሁን ስለ መዓዛ ተናገርኩ። ቆቦ ላይ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሽታ ግን ማንም መልካም ነው ብሎ የማይገዛው ነው። በቆቦ–ጊራና ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ በመስኖ መዋል ሲጀምር ሽንኩርትና ቲማቲም ተስፋፋ፤ ከእነሱም ጋር የተባይ መድኃኒቱ መጣ። በ2020 የበረሃ አንበጣ ራያ ቆቦን ሲወር፣ ማሽላው ላይ ሰዉም አውሮፕላኑም ርጭት ላይ ነበር። አንበጣው ሄደ፣ ፓምፑ ግን ቀረ። ብዙ ቤት ፓምፑና ጠርሙሱ የሚቀመጡት ሰው ከሚተኛበት ጣሪያ ሥር ነው፤ ባዶው ጠርሙስ ታጥቦ ዘይት ወይም ውኃ የሚይዝበት ጊዜም አለ። የተባይ መድኃኒት ምዝገባና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 674/2010 መድኃኒቱ ተመዝግቦ እንዲሸጥ ደንግጓል፤ ከተገዛ በኋላ ጠርሙሱ የት ያድራል የሚለውን የሚወስነው ግን ባለቤቱ ነው።

ሽንኩርት ረጭቶ የገባ ገበሬ ሸሚዙን አውልቆ ከሌላው ልብስ ጋር ይጥለዋል። በነጋታው ያ ልብስ ከሕፃኑ ፎጣ ጋር በአንድ ሳፋ ይዘፈዘፋል፤ በባዶ እጅ የምትፈገፍገው ሚስቱ ናት። ስለ ጥንቃቄ ሥልጠና ሲጠራ ግን የሚጠራው በአብዛኛው ረጪው ነው። እሷ ራሷን እንደዞራት፣ እጇ እንደተላጠ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብትነግር፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያው ኦሞው ይሆናል። የርጭት ልብስ ከደጅ ተንጠልጥሎ ለብቻው፣ በጓንት ወይም ቢያንስ በእንጨት እየተገላበጠ፣ በብዙ ውኃ ይታጠብ። ይህን ለማድረግ አንድ ሁለት ጄሪካን ተጨማሪ ውኃ ይፈጃል፤ ከሽንኩርቱ መደብ የሚቀነሰው ውኃ ያ ብቻ ነው።