ከነነፍሱ የሚሸጥ ድንጋይ

የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ቀወት የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ ጆሮው ይደፈናል፣ ቀጥሎ ጃኬቱን ያወልቃል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። ከሮቢት ወዲያም መሬቱ መውረዱን አያቆምም። የአፋርን ሜዳ ይዞ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው መጨረሻ ላይ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለውን የደናክል ረባዳ ያገኛል። በዚያ የጨው ሜዳ ጠርዝ ላይ ኮራል አለ። ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር እዚያ ድረስ ገብቶ ሳለ የበቀለ ነው፤ ዛሬ ደርቆ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ሆኖ ቀርቷል።

የዚህን ድንጋይ ዘመድ፣ ነፍሱ ሳይወጣ፣ በኪሎ የሚገዙ ሰዎች አሉ። በቤታቸው የጨው ውኃ አኳሪየም የሚያቆሙ ናቸው፤ ዕቃውንም ሕያው ድንጋይ ይሉታል።

ድንጋዩ ራሱ የሞተ ኮራል አጽም፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሕያው ያሰኘው በየቀዳዳው ያደረው ፍጥረት ነው፤ ከሁሉም በላይ ባክቴሪያው። ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። በድንጋዩ ገጽ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ኦክስጅን በማይደርስበት ጥልቅ ቀዳዳ የሚኖሩት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይሸኙታል። ኢንዶኔዥያዊው ሊ ቺን ኤንግ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያለ ውስብስብ ማጣሪያ፣ በባሕር ድንጋይና በአየር አረፋ ብቻ ዓሣና ኮራል እንደሚኖር አሳየ። በኋላ የበርሊን አርቢዎች አሻሻሉት፤ ስሙም የበርሊን ዘዴ ሆኖ ቀረ።

ድንጋዩ ከባሕር ወጥቶ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በአውሮፕላን ይመጣል። በመንገድ ላይ ስፖንጁና ትሉ ብዙው ይሞታል፤ ስለዚህ በቀጥታ ዓሣ ካለበት ሳጥን ማስገባት ዓሣውን መመረዝ ነው። መጀመሪያ በፕላስቲክ በርሜል፣ በሊትር 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው በገባበት ውኃ ይዘፈዘፋል። ውኃው 25 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ በፓምፕ ይናጣል፤ አልጌ እንዳይፈላበት ብርሃን ይቀነስለታል። በመጀመሪያው ሳምንት የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ነጭ ሆኖ የሚልገመገመው በጥርስ ብሩሽ እየተፋቀ ይወገዳል፣ ውኃው ይለወጣል፣ እንደገና ይፋቃል። አሞኒያና ናይትራይት ሲለኩ ሁለቱም ዜሮ ላይ ሲደርሱ ድንጋዩ ደርሷል ይባላል። ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል፤ አፍንጫውን አምኖ ቀድሞ የሚያወጣ ሰው ግን አይጠፋም።

ሮቢት ላይ ይህን በርሜል የሚሞክር ቢኖር የሚቸገረው በማሞቅ ሳይሆን በማቀዝቀዝ ነው። የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ውኃውም ይከተላል፤ ውኃ በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ትነትም አለ። የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው ስላልሆነ፣ የጎደለው ጨው በሌለበት ንጹሕ ውኃ ይሞላል። ይህን ያልለየ ጀማሪ የጨው ውኃ እየጨመረ ዓሣውን ይፈጃል። ደናክልም የሆነው ይኸው ነው፤ ከባሕሩ የሚያገናኘው በር ተዘጋ፣ ውኃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። በግመል ተጭኖ ገበያ የሚወጣው አሞሌ የሚቆረጠው ከዚያ ነው።

ከድንጋዩ ጋር ያልተጠራም ይመጣል። ማንቲስ ሽሪምፕ ቀን በቀዳዳው ተሸሽጎ ማታ ቀንድ አውጣና ሸርጣን ይፈረካክሳል፤ የሚሰማው የጠቅታ ድምፁ ብቻ ነው። ቀዳዳው ከታወቀ ድንጋዩን ከሳጥኑ አውጥቶ ጋዝ ያለው ውኃ በመርፌ መርጨት ያስወጣዋል። (በእኛ አገር አምቦ ውኃ መሆኑ ነው።) ጨውነቱ ከወትሮው በጠነከረ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ መንከርም ሸርጣኑንና ትሉን ከየጉድጓዱ ያፈልሰዋል።

ከሁሉ የሚያስመርረው አይፕታዢያ ነው፤ ቡናማ፣ ቀጫጭን ክንዶች ያሉት፣ አጠገቡ ያለውን ኮራል የሚለበልብ ትንሽ ፍጡር። መፋቅ አይቻልም። ማሳው በሰርዶ የተወረረበት ገበሬ እንደሚያውቀው፣ የተቆረጠው ቁራጭ ሁሉ ራሱን ችሎ ይበቅላል። የሚሠራው በወፍራሙ የተበጠበጠ ኖራ አፉ ላይ በመርፌ መጨመር ነው። ወይም ቤርጊያ የሚባለውን፣ ከአይፕታዢያ ሌላ ምግብ የማይቀምስ፣ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ መልቀቅ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ግን ራሱ በረሃብ ይሞታል።

ጠጉራሙን ትል ደግሞ እኔ ብሆን አልነካውም። መልኩ ያስቀፋል፣ ጠጉሩም እጅ ላይ ይሰካል፤ ሆኖም የሚበላው ትርፍራፊና በድን ነው። ሁሉንም ልጨርስ ብሎ በንጹሕ ውኃ የሚዘፈዝፍ ሰው የከፈለበትን ነፍስ አብሮ ይገድላል። መቀቀል ከዚህም ይብሳል። ዞአንቲድ በሚባሉ አንዳንድ የኮራል ዘመዶች ውስጥ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለ፤ በእንፋሎቱ ታመው ሆስፒታል የገቡ አሉ።

አሁን ከባሕር መልቀም እየጠበበ ነው። ኮራል በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። በፍሎሪዳ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሚሸጠው አርቢዎች ራሳቸው ባሕር ውስጥ አስቀምጠው ያቆዩት ድንጋይ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ደረቅ ድንጋይ ይገዛል፤ ተባይ የለበትም፣ ባክቴሪያው እስኪሰፍርበት ግን ወራት ይጠይቃል። ለጀማሪ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ለዘር ያህል አንዲት የጡጫ ያህል ሕያው ድንጋይ ጨምሮ። ያቺን አንዷን ግን ለብቻዋ ጥቂት ሳምንት ማቆየትና ማታ ማታ በባትሪ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ አንድ አይፕታዢያ ካመለጠ ሳጥኑን ለመውረር ይበቃዋል።