ጉኒ ለምን ዝም አለ?

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። የመጋቢ ሚስት ነኝ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅም ተምሬአለሁ፤ የቱርክ ድራማ ግን ተከታትያለሁ። «እርሷም?» ስትሉ የሰማሁ ይመስለኛል። አዎ፣ እኔም።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የውጭ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ወደ ቤታችን ገባ። በዚያው ዓመት የአገራችን የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች «ሥራችንን ይጎዳል» ብለው መቃወማቸውን ታስታውሱ ይሆናል። በድራማ መከራከር ግን ያን ጊዜ የተጀመረ አይደለም። ከዚያ በፊት በ«ሰው ለሰው» አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ያልረገመ ማን ነበር?

እዚህ ጅማ ክርክሩ የሚካሄደው ቡና ላይ ነው። አንዷ ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ሌላዋ የባሏ ዘመዶች አጋሮ ቡና የሚነግዱ እኅት ናት። በአቦሉ ትናንት የሆነውን እንተርካለን፤ ቶናው ሲደርስ «ለምን አደረገው?» ይመጣል፤ በረካው ላይ አማርኛው በቂ ስለማይሆን ኦሮምኛው ይገባበታል።

የዚያን ሰሞን መከራከሪያችን «ኩዚ ጉኒ» ነበር። ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ቱርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 የታየ ድራማ ነው። የዳቦ ጋጋሪ ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች አንዲት ልጅ ይወዳሉ። ጉኒ መኪና እየነዳ ሰው ገጭቶ ይገድላል። ኩዚ «እኔ ነኝ» ብሎ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይወስድና አራት ዓመት ይታሰራል። ጉኒ ዩኒቨርሲቲውን ይማራል። ዝም ይላል።

ጎረቤቴ «ኩዚ ለእናቱ ብሎ ነው፤ ጎበዙ ልጇ እንዳይቀርባት» አለች። የአጋሮዋ ግን አልተቀበለቻትም፤ «ትዕቢት ነው፤ ዕድሜ ልኩን ወንድሙ ባለ ዕዳው እንዲሆን ፈልጎ ነው» ብላ ሁላችንንም አስደነገጠችን። አንድ ቀን ወሳኙ ቦታ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። እኛም በጨለማ ተቀምጠን ቀሪውን ራሳችን ጨረስነው፤ በማግሥቱ ሲታይ ከሦስታችን የማናችንም ግምት አልነበረም። በነገራችን ላይ፣ የቱርክ ድራማ በአገሩ አንዱ ክፍል ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል። ለውጭ አገር ሲሸጥ ነው እየተቆራረጠ የሚያጥረው። መቀሱም የሚያርፈው ልባችን በሚንጠለጠልበት ላይ ነው። እንቅልፍ የሚነሣን ደራሲው ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ባለቤቴ የእሑዱን ስብከት ሲያዘጋጅ ቆይቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጉኒ በስክሪኑ ላይ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ፈረድሁበት። «እንዲህ ያለ የሚደብቅ ሰው እኔ ቤት አንድ ቀን አያድርም!» አልሁ። ባለቤቴ ቀስ ብሎ «የመጀመሪያው ቀን ካለፈ በኋላ መናገር ይከብዳል» አለ። ሳቅሁበት። «አንተ ደግሞ ለሁሉም ጠበቃ ነህ» አልሁት። እርሱ አልሳቀም፤ ወደ መጽሐፉ ተመለሰ።

ይህ የሆነው በየካቲት ነው። በሚያዝያ፣ ክረምቱ ሳይገባ ለጓዳው ቆርቆሮ እንግዛ ብዬ ያጠራቀምነውን ገንዘብ ስጠይቀው ፊቱ ተለወጠ። ገንዘቡ አልነበረም። በታኅሣሥ ታናሽ ወንድሙ ሊሙ በኩል ጀንፈል ገዝቶ ሊያተርፍበት ለምኖት ሰጥቶታል፤ ዋጋው ወርዶ ገንዘቡ እዚያው ቀረ።

እኅቶቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ያቃጠለኝ ዝምታው ነው። «አራት ወር ሙሉ ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት። «ልነግርሽ ነበር። በዚያች ቅዳሜ ልነግርሽ ነበር የመጣሁት። ከዚያ በጉኒ ላይ ስትፈርጂ ሰማሁሽ።»

መልስ አጣሁ። አሁንም ጥፋቱ ጥፋት ነው እላለሁ፤ ሁለታችን ያጠራቀምነውን እኔን ሳያማክር መስጠት አልነበረበትም። ይህንንም ነግሬዋለሁ፤ እርሱም ይቅርታ ጠይቆኛል። ነገር ግን ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን የድሃውን ሰው በግ ታሪክ (2ኛ ሳሙኤል 12) ለዓመታት ሳስተምር አንድ ነገር ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ዳዊት ያን ባለጠጋ በቁጣ የፈረደበት እዚያ ክፍል ውስጥ የሌለ መስሎት ነው። የእኔም ጉኒ ሶፋው ላይ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ልዩነቱ የናታን ታሪክ የዳዊትን አፍ ለንስሓ ከፈተ፤ የእኔ ፍርድ ግን ሊከፈት የመጣውን አፍ ዘጋ።

ድራማው እኮ ይረዳናል። ጉኒ ብቻውን ሲሆን ካሜራው ተከትሎት ይገባል፤ ሲጨነቅ እናየዋለን። ከዚያ በኋላ ነው «ለምን» ብለን የምንከራከረው። ባለቤቴን በእነዚያ አራት ወራት ሌሊት ተነሥቶ ሲቀመጥ አይቼዋለሁ፤ የስብከት ጭንቀት መስሎኝ ነበር። ዞሬ ተኛሁ።

ነገሩ ገንዘብ ብቻም አይደለም። በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካ የቻይና ድራማ ያደረገውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታንዛኒያ ቴሌቪዥን አንድ የቻይና ድራማ በስዋሂሊ አሳየ፤ ዶዶ ስለምትባል ሙሽራና ስለ አማቶቿ ነው። በጣም ከመወደዱ የተነሣ የቻይናው ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳሬሰላም ላይ ባደረጉት ንግግር አንሥተውታል። የአማትና የምራት ነገር ቤጂንግም፣ ዳሬሰላምም፣ አጋሮም አንድ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ድራማ እያየሽ «ይህች አማት ክፉ ናት፤ ልጇን ልትነጥቅ ነው» ስትዪ፣ አጠገብሽ ያለው ሰው ያቺን ሴት የሚመስል «እማዬ» የሚላት እናት አለችው። ለምን ዝም እንዳለ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? እናንተም ወንዶች፣ ባሏን ስለደበቀች ሴት «ሴት እንዲህ ናት» ስትሉ የምትሰማችሁ አለች።

ቴሌቪዥኑን አውጥታችሁ ጣሉት አልላችሁም፤ እኔም አልጣልሁትም። እኔ የለወጥሁት ትንሽ ነገር ነው። ሰውዬው ሲያጠፋ ምላሴ ላይ የመጣውን እውጠውና «ለምን ያደረገው ይመስልሃል?» እላለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ። ይህ ዝምታ ለእኔ ከጾም ይከብዳል። አንዳንዴ «እንጃ» ብሎ ይተወዋል። አንዳንዴ ደግሞ ስለ ሰውዬው ጀምሮ ስለ አባቱ፣ ከዚያም ስለ ራሱ ይነግረኛል፤ ያገባሁት ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ያልሰማሁት ታሪክ ሲኖረው ይገርመኛል።

ወንድሙ ግማሹን ከፍሏል። ያን ክረምት ጓዳው ሳይከደን ቀረ፤ ማታ ዝናቡ ሲበረታ ባለቤቴ ተነሥቶ ባልዲውን ያዘዋውራል፣ እኔም መብራት እይዝለታለሁ። አንድ ሌሊት ባልዲውን እያስተካከለ «ጉኒ ግን በመጨረሻ ተናገረ?» አለኝ።

«ተቀመጥና እነግርሃለሁ» አልሁት።