ለዱሩ ስቃይ ማን ይጠየቃል?

ምዕራብ ሸዋ፣ ጉደር ላይ ጅብ አህያ ቢበላ ባለቤቱ ያዝናል፣ በረቱን ያጠብቃል፤ ጅቡን ግን በግፍ የሚከሰው የለም። ዱሩ የራሱ ሥርዓት አለው፣ የሰው ድርሻ አይደለም የሚለው አስተሳሰብ በቤተ ክርስቲያንም፣ በመስጊድም፣ በኦዳ ጥላ ሥርም የሚሰማ ነው። እኔም በጅቡ ጉዳይ እስማማለሁ። ክርክሬ ያ ሥርዓት በሽታንም ይጨምራል ከሚሉት ጋር ነው፤ ምክንያቱም በዚህ አገር ሰው አንድ ጊዜ በተፈጥሮ በሽታ ውስጥ እጁን አስገብቶ እስከ መጨረሻው ሄዷል፣ የተጸጸተም አልተሰማም።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ የኢጣሊያ ጦር በምፅዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር ደስታ የሚባለው የከብት ቫይረስ በሽታ ገባ። የተከተለው ዘመን ክፉ ቀን ይባላል። ከአገሪቱ ከብት ከመቶ ዘጠና ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ጠፍቶ ማረሻ ሲቆም አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ አንስተው እንደቆፈሩ፣ የፈረስና የአህያ ሥጋ እርም የነበረበት ሕዝብ ያንኑ እንደበላ ይነገራል። የሰው እልቂት ስለበዛ ስለ አውሬው ብዙ አልተጻፈም። ቫይረሱ ግን በረት ላይ አላቆመም። ጎሹን፣ አጋዘኑን፣ ከርከሮውን በትኩሳት፣ በአፍ ቁስልና በተቅማጥ እየፈጀ፣ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ።

የማጥፋቱ ሥራ ረጅም ነበር። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ሙጉጋ ላይ አስተማማኙን ክትባት ሠራ፤ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባት አመረተ፤ ሙቀት የሚችለው ዓይነት ሲገኝ ደግሞ አፋር በረሃ ውስጥ ሐኪም ሳይሆን የሠለጠነ አርብቶ አደር በእግሩ ይዞት ዞረ። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነፃ ተባለች፣ ዓለም በ2003 ዓ.ም.። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይኸው ነው። የተደከመው ለወተትና ለእርሻ በሬ ነበር፤ ጎሹ የተረፈው ማንም ሳያስበው ነው። በሽታው በመርከብ ስለመጣ ተፈጥሯዊ አይባልም የሚል ይኖራል። ትኩሳት ለያዘው አጋዘን ግን የመጣበት መንገድ ልዩነት የለውም።

ጠንካራው ተቃውሞ ከታንዛኒያው የሴሬንጌቲ ሜዳ ይመጣል። በአካባቢው ከብቱ ሲከተብ በሽታው ከዱሩም ጠፋ፤ ዊልደቢስት የሚባሉት ሣር በሎች ከሩብ ሚሊዮን ተነስተው በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ከ1.3 ሚሊዮን በለጡ። ሣሩ ስለተጋጠ ሰደድ እሳት ቀነሰ፣ ዛፍ በቀለ። ዛሬ ቁጥራቸውን የሚወስነው የበጋ ረሃብ ነው። ታዲያ ስቃዩ ስሙን ብቻ ለወጠ እንዴ? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ሙሉ መልስም የለኝም። የሚያሳየው ግን እጁን ያስገባ ሰው ከዚያ በኋላ ለሚመጣውም ተጠያቂ መሆኑን እንጂ ቫይረሱ ይሻል እንደነበር አይደለም። ጅብን ከአህያ መከልከል ጅቡን ማስራብ ነው፤ ክትባት ግን የማንንም እራት አይነጥቅም (አሞራው ቅር ቢለው እንጂ)።

በልክ መሥራት እንደሚቻል ባሌ አሳይቷል። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተሻግሮ ብዙ መንጋ ሲጨርስ፣ በወረርሽኙ ዙሪያ ያሉት ቀበሮዎች ተመርጠው ተከተቡ። ሁሉን መከተብ ሳያስፈልግ፣ ከ20 እስከ 40 በመቶው ብቻ ቢከተብ ዝርያውን ከጥፋት እንደሚያድን ጥናት አመለከተ። በ2010 ዓ.ም. ክትባቱ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ በአፍ መሰጠት ተጀመረ። ያም ሆኖ የተቆጠረው የዝርያው ህልውና እንጂ የቀበሮው ስቃይ አይደለም፤ በአዋቂ ደረጃ ከ500 በታች የቀረ እንስሳ ባይሆን ኖሮ ማን ይደክምለት ነበር?

ለምዕራብ ሸዋ የሚቀረው ነገር አጭር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ለሰውም፣ ለከብትም፣ ለቀበሮም የሚደርሰው በዋናነት ከውሻ ነው፤ ከውሾች 70 በመቶው ቢከተብ መተላለፉ እንደሚቋረጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። በብዙ ከተሞቻችን ግን ለባዘነ ውሻ የሚቀርበው መርዝ ነው። አምቦ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው እዚሁ ጉደር ነው። የጉደርና የአምቦ ማዘጋጃ ቤቶች መርዙን ትተው ከተማሪዎቹ ጋር የክትባት ዘመቻ ይጀምሩ፤ ውሻ ያለው አንባቢም ውሻውን ያስከትብ።