«ጎበዝ ናቹራል ይገባል» እና ሌሎች የምርጫ ሰሞን ተረቶች

የ10ኛ ክፍል ትምህርት ሊገባደድ ሲል በብዙ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ናቹራል ነው ወይስ ሶሻል?» አጎት ይጠይቃል፣ አክስት ትጠይቃለች፣ ልጁ ገና ሳይወስን የሠፈር ጓደኞቹ ወስነውለት ያድራሉ። መልሱ «ናቹራል» ከሆነ «ጎሽ!» ይባላል። «ሶሻል» ከሆነ ግን አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው፣ ውጤቱ አልመጣለትም?» ማለቱ አይቀርም። በዚህ ሁሉ ወሬ መሐል ትምህርቶቹ ራሳቸው ምን እንደሚያስተምሩና ከተማሪው ምን እንደሚጠይቁ የሚናገር ሰው እምብዛም አይገኝም። ክፍተቱን የሚሞላው ከታላላቅ ወንድምና እህት የተወረሰ ወግ ነው። ከዚያ ወግ ውስጥ ደግሞ ቢመረመር የማይቆመው ይበዛል።

ከፈተናው ይጀመር። በቅርብ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በስድስት ትምህርቶች ይሰጣል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ይፈተናል፤ የማኅበራዊ ሳይንሱ በታሪክ፣ በጂኦግራፊና በኢኮኖሚክስ። የቀሩት ሦስቱ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ፣ የሁለቱም ናቸው። ቤተሰብ ሳምንት ሙሉ የሚሟገትበት ምርጫ እንግዲህ የሚለየው የፈተናውን ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ተማሪው የትም ቢገባ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህኛው ግማሽ ግን ሲሟገት የሚሰማ የለም።

«ሶሻል የገባ ከሒሳብ ተገላገለ» የሚለው ተረት የሚፈርሰው እዚሁ ላይ ነው። ብዙ ልጆች ማኅበራዊ ሳይንስን የሚመርጡት ታሪክ ወይም ኢኮኖሚክስ ስቧቸው ሳይሆን ሒሳብን ሽሽት ነው። ሒሳብ ግን አብሮ ይሄዳል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት በነበረው የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ሁለቱም ወገኖች ሊሚትን፣ ዴሪቬቲቭንና ኢንቴግራልን በአንድነት ይማሩ ነበር። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንሱ ተማሪ የሦስት አውታር ጂኦሜትሪና የሒሳብ ማረጋገጫ ሲጨመርለት፣ የማኅበራዊ ሳይንሱ ስታትስቲክስና የንግድ ስሌት ይጨመርለታል። እንደ እውነቱ ከሆነ ባንክ ሄዶ ስለ ብድር ወለድ የሚከራከር ሰው የሚያስፈልገው ይህኛው ነው።

ከ12ኛ ክፍል በኋላም ሽሽቱ አይሳካም። የማለፊያ ውጤት ያላገኙ ተማሪዎች የሚገቡበት የሬሜዲያል ትምህርት ለሁለቱም ወገን እንግሊዝኛና ሒሳብ ያስተምራል። ዩኒቨርሲቲ የደረሰ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ለእርሱ የተዘጋጀ የሒሳብ ኮርስ ይጠብቀዋል። ኢኮኖሚክስ የመረጠማ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጄብራ፣ ስታትስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ እየተከታተሉ ይመጡበታል። «ኢኮኖሚክስ ወሬ ነው» ብሎ የገባ ልጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ምን እንደሚል የቆየን ተማሪ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እምነት። «ጎበዝ ናቹራል ይገባል፣ ሰነፍ ሶሻል» የሚሉ ሰዎች ማስረጃ አላቸው፤ ማስረጃቸውም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጥቅምት 2015 በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰብስበው ለፈተና ሲቀመጡ፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ 50 በመቶ ማምጣት ግዴታ ሆኖ ነበር። ከ896,520 ተፈታኞች ያለፉት 29,909 ናቸው፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 22,936ቱ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ 6,973ቱ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ነበሩ። በመቶኛ ሲሰላ ከተፈጥሮ ሳይንስ 6.8፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ 1.3 ብቻ። «ይኸው!» ያላለ አልነበረም።

ቁጥሩ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ፈረሱን ትቶ ጋሪውን ይወቅሳል። ከተፈታኞቹ ከመቶ 62ቱ በማኅበራዊ ሳይንስ የተቀመጡ ነበሩ። እነማን ናቸው? መካከላቸው ታሪክ ወዳድና ለኢኮኖሚክስ የተዘጋጀ ልጅ አለ፤ ነገር ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በሒሳብና በእንግሊዝኛ የደከመና «አንተ እንኳ ሶሻል ይሻልሃል» የተባለም ብዙ ነው። ደካማውን ሁሉ ወደ አንድ በር ከመሩ በኋላ ከዚያ በር የሚወጣው ውጤት ዝቅ ቢል ምን ይደንቃል? ታሪክና ጂኦግራፊ ተማሪን አያሰንፉም። ሁለት የጋራ ትምህርቶችን ሳይዝ የመጣ ተማሪ ግን የትኛውም ክፍል ቢቀመጥ የፈተናውን ሲሶ ቀድሞ ያጣል።

ደግሞም 6.8 በመቶ የሚያስፎክር አይደለም። በተፈጥሮ ሳይንስም ከመቶ ከ90 በላዩ ወድቋል። በዚያው ዓመት ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት ያለፈው 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነው። ጥያቄው ልጁ ምን መረጠ ሳይሆን፣ የሚማርበት ትምህርት ቤት መምህር፣ መጽሐፍና ቤተ ሙከራ አለው ወይ የሚለው ነው።

ናቹራልን ከፍ፣ ሶሻልን ዝቅ የሚያደርገው ደረጃ ከየት መጣ? ከፊሉ ከመንግሥት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲ ገቢ ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማሩ ተወሰነ። የአገር የሰው ኃይል ዕቅድ ነበር፤ ቤት ሲደርስ ግን «ለጎበዝ የተያዘ ቦታና የተረፈ ቦታ» ሆኖ ተተረጎመ። ቀሪው ከድሮ ጀምሮ ሐኪምና መሐንዲስ ለሚባል ማዕረግ ያለን ፍቅር ነው።

ስለ ትምህርቶቹ ይዘት የሚወራውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። «ባዮሎጂ ሽምደዳ ነው» ይባላል፤ የደም ሥሮችን ስም በቃል የወጣ ሁሉ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያዩት ነገር ግን በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም ነበር። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ። ከላይ ያሉት ሕያው፣ ከታች ያሉት ሙት። እናቶች ስንት ዘመን ነጠላ ያነጹበት ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል የተረዱት፣ ዓይናቸው የሚያየውን «ለምን?» ብለው ስለጠየቁ ነው። ከዚያ በኋላ ኬሚስትሪው መጣ፣ የመጠኑ ስሌት መጣ፣ የመስክ ሙከራው መጣ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት በዚህ ሥራ ነው። ያ ግኝት የወንዝ ዳር ኑሮን ማወቅም ጠይቋል፤ ማን፣ የት፣ በምን እንደሚያጥብ ማስተዋል በ«ሶሻል» ወይስ በ«ናቹራል» ይመደባል?

«ታሪክ ዓመተ ምሕረት መቁጠር ነው» ለሚለው ደግሞ ሉሲ (ድንቅነሽ) መልስ አላት። የ9ኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ገና ሲጀምር የሰው ዘር አመጣጥን ያነሳል፤ ድንቅነሽም የተገኘችው በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ይጽፋል። ማን ቆጠረው? ከአጥንቷ ጋር የልደት ምስክር ወረቀት አልተገኘም። የተለካው በአካባቢው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ያለው ጨረራማ ፖታሲየም ቀስ በቀስ ይለወጣል፣ ከፊሉም አርጎን ጋዝ ይሆናል፤ የፖታሲየሙ ግማሽ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። የአርጎኑን መጠን የለካ ሰው አመዱ የወደቀበትን ዘመን ያሰላል፤ ከአመዱ ሽፋኖች ጋር ተያይዞ የአጥንቱ ዕድሜ ይታወቃል። በአንድ መስመር የተጻፈች የታሪክ መልስ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪን፣ የምድር ጥናትንና ሎጋሪዝምን ተሸክማለች። ይህን ያልነገረ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ተማሪውን ቁጥር ማሸምደዱ እርግጥ ነው፤ ጥፋቱ ግን የአስተማማሩ እንጂ የትምህርቱ አይደለም።

ጂኦግራፊም የዋና ከተማ ስም መጥራት የሚመስለው አለ። በ1:50,000 ካርታ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው፤ ይህን ያልተረዳ መንገድ አይቀይስም፣ የመስኖ ቦይም አያወጣም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም የጂኦግራፊ ምሁር ነበሩ፤ የኢትዮጵያን ገጠር ለረሃብ ስለሚያጋልጠው ነገር ያደረጉት ጥናት በካርታና በአኃዝ የተሠራ ነው።

እንግሊዝኛን «አንድ ትምህርት ነው» ብሎ መቁጠር ከሁሉም የሚጎዳው ስሕተት ሳይሆን አይቀርም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ኢኮኖሚክሱም የሚጻፈውና የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ሲማር የቆየ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፎቶሲንተሲስን ከነቋንቋው አዲስ ሆኖ ያገኘዋል። ጥያቄውን ሳይረዳ የሳተ ተማሪ ፊዚክስ አልገባውም ይባላል፤ ያልገባው ግን የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል። ወላጆች ግን ለማጠናከሪያ ትምህርት ገንዘብ ሲያወጡ መጀመሪያ የሚያስቡት ፊዚክስን ነው።

አፕቲትዩድን በተመለከተ «አይጠናም፣ ሲወለዱ የተሰጠ ነው» ይባላል። ፈተናው የቃላትና የአመክንዮ፣ እንዲሁም የቁጥር ጥያቄዎችን የያዘ ነው። የቃላቱን ክፍል የሚሠራው ያነበበ ልጅ ነው፤ የቁጥሩን ክፍል ደግሞ ክፍልፋይንና መቶኛን ገና በአንደኛ ደረጃ በደንብ የያዘ።

ልጆቻቸውን አሜሪካ የሚያሳድጉ ወላጆች ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ ውቅያኖስ አሻግረው ሲጠይቁ ይሰማል። በዚያ «ናቹራል» እና «ሶሻል» የሚባል በር የለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ፣ ለመደበኛው ዲፕሎማ ከሚጠየቁት 22 ክሬዲቶች ውስጥ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 3፣ የቤተ ሙከራ ሳይንስ 3፣ ታሪክና ማኅበራዊ ሳይንስ 3 ናቸው። ከፍ ያለውን ዲፕሎማ የሚፈልግ 26 ክሬዲት ያጠራቅማል፤ በአራቱም ዘርፎች አራት አራት። ሐኪም መሆን የምትፈልግ ልጅ ታሪክን አትተውም፣ ጠበቃ መሆን የሚፈልገውም ከቤተ ሙከራ አያመልጥም። እዚያ ወላጅ መጠየቅ ያለበት ልጁ የትኛውን የሒሳብና የሳይንስ ኮርስ፣ በየትኛው ዓመት እንደሚወስድ ነው፤ ለዚህም የትምህርት ቤቱ አማካሪ በሩ ክፍት ነው።

እኛም አገር ቢሆን ግንቡ የታሰበውን ያህል ጠንካራ አይደለም። 9ኛና 10ኛ ክፍል ሁሉም ተማሪ ሁሉንም ይማራል። ዩኒቨርሲቲዎች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመለሱት የፍሬሽማን ዓመት ደግሞ ወደፊት መሐንዲስ የሚሆነው ተማሪ አመክንዮ፣ ሥነ ልቦና፣ አንትሮፖሎጂና የኢትዮጵያና የቀንዱ ጂኦግራፊ ይማራል። ታሪክ የሚያጠናው ልጅም ሒሳብንና አዳዲስ ቴክኖሎጂዎችን ያገኛል። «ከታሪክ ለዘላለም ተለያየን» ብለው ደብተራቸውን ያቃጠሉ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ መልሰው ይገናኙታል።

በዚህ ዓመት 10ኛ ክፍል የሚጨርስ ልጅ ያለው ወላጅ ምርጫውን ከመጠየቁ በፊት ሁለት ነገር ቢያይ ጥሩ ነው፤ የልጁን የሒሳብና የእንግሊዝኛ ደብተር። ሁለቱ ከደከሙ የማጠናከሪያው ገንዘብ መጀመሪያ እዚያ ይዋል። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ደግሞ ኢኮኖሚክስ የሚወድ ልጅ በግድ ፊዚክስ ክፍል እንዳይቀመጥ፣ ኬሚስትሪ የምትወድ ልጅም «ይከብድሻል» ተብላ እንዳትመለስ።