የዳንቴል ስቶኪንግ፦ የሚባለውና እውነታው

ኪሮሽ እንደምይዝ የሚያውቁ ወጣት ሴቶች ስልካቸውን ከፍተው ፎቶ ያሳዩኛል። ወገብን አቅፎ ወደ ታች የሚፈስ የሐር ቀሚስ፣ ከኋላ ቀጥ ያለ ስፌት ያለው ስቶኪንግ፣ ከደረት ላይ ብቅ ያለ የውስጥ ልብስ ጠርዝ፤ የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ የአውሮፓና የአሜሪካ የምሽት አለባበስ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) «ይኼን በዳንቴል ሥሪልኝ፤ የዚያ ዘመን ሴቶች እኮ ሁሉንም በእጃቸው ነበር የሚሠሩት» ይሉኛል። ሥራውን እወደዋለሁ፤ እሠራዋለሁም። ግን ስለዚህ ሥራ የሚባለው ብዙው ተረት ስለሆነ፣ ያንን አምና የጀመረች ሴት ክሯንም ምሽቶቿንም ታጣለች።

ግራ መጋባቱ ከቃሉ ይጀምራል። ዳንቴል የምንለውን ቃል የወሰድነው ከፈረንሳይኛ ነው፤ እዚያ በኪሮሽ የተሠራውንም ሆነ ያልተሠራውን፣ ማንኛውንም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ የጥለት ሥራ ይጠሩበታል። ኪሮሽ ደግሞ «ትንሽ መንጠቆ» ማለት ነው። እኛ ቤት ሶፋና ጠረጴዛ የሚያለብሰው ዳንቴል በኪሮሽ ስለሚሠራ ሁለቱ አንድ ሆኑብን። በእነዚያ ፎቶዎች ላይ የሚታየው የውስጥ ልብስ ዳንቴል ግን አብዛኛው እንደ ኖቲንግሃምና ካሌ ባሉ ከተሞች በማሽን የተሠራ ነው። ስቶኪንጉም እንደዚያው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ የካልሲ ሹራብ የሚሠራ ማሽን የፈለሰፈው በ1589 ነው። በ1930ዎቹ የከተማ ሴት ለምሽት የምታደርገው ከፋብሪካ የወጣ የሐር ስቶኪንግ ነበር፤ ከግንቦት 1940 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ናይለን በየሱቁ ተሸጠ።

ኪሮሽ ራሱም እንደምናስበው ጥንታዊ አይደለም። ከሚታወቁት የታተሙ የኪሮሽ ንድፎች ቀደምት የሚባሉት በ1823 ፔኔሎፔ በተባለ የሆላንድ መጽሔት የወጡት ናቸው። «ግብፅ ውስጥ የሺህ ዓመታት የዳንቴል ካልሲ ተገኝቷል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ካልሲው በእርግጥ አለ፤ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ከ250 እስከ 420 ባለው ጊዜ የተሠራ ቀይ የሱፍ ካልሲ ሲሆን፣ የነጠላ ጫማ ማሰሪያ እንዲገባበት አውራ ጣቱ ለብቻው ተከፍሏል። ነገር ግን የተሠራው በኪሮሽም በሹራብ መርፌም አይደለም። ባለ ቀዳዳ መርፌ ይዘው፣ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ክሩን እስከ ጫፉ እያሳለፉ ነው የሠሩት።

ታዲያ በውስጥ ልብስ ላይ ኪሮሽ የት ነበር? ጠርዝ ላይ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሴቶች የጥጥ የውስጥ ቀሚሳቸውንና የሌሊት ልብሳቸውን ከጨርቅ ይሰፉና የደረቱን የላይኛውን ክፍል፣ ማንገቻውን፣ የታችኛውን ጫፍ በኪሮሽ ይሠሩት ነበር። በቀዳዳዎቹ ረድፍ ሪባን ያሳልፉና ደረት ላይ ያስሩታል። ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው። ሰውነት ላይ የሚያርፈው ለስላሳ ጨርቅ ይሁን፤ ዳንቴሉ ዐይን የሚያርፍበት ቦታ ይግባ። ከላይ እስከ ታች ዳንቴል የሆነ የውስጥ ልብስ በቀሚሱ ላይ እያንዳንዱን ቋጠሮ ያሳብቃል፤ ሐር ደግሞ ምንም አይደብቅም።

ብዙ ሰው የሚያደክመው ሌላው እምነት «ክሩ ከቀጠነ ዳንቴሉም እንደ ፋብሪካ ስቶኪንግ ገላን ያሳያል» የሚለው ነው። እስቲ እናስላው። የስቶኪንግ ክር የሚለካው በዴኒየር ነው፤ ይኸውም የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ማለት ነው። የ15 ዴኒየር ስቶኪንግ ክር 9,000 ሜትር ተዘርግቶ 15 ግራም ብቻ ይመዝናል። ለዳንቴል የምንገዛው ቁጥር 10 የጥጥ ክርስ? የ50 ግራሙ ልቃቂት 260 ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱን 9,000 ሜትር ብናደርሰው ክብደቱ 1,700 ግራም ያልፋል፤ ከመቶ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይቀጥናል፤ ሆኖም ቁጥር 30 እንኳ ከ50 እጥፍ በላይ ይከብዳል። በዚያ ላይ ኪሮሽ ክሩን በራሱ ላይ እየጠመጠመ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የዳንቴል ስቶኪንግ ገላ የሚያሳየው በክሩ ቅጥነት ሳይሆን በቀዳዳው ነው። ዐይን እያጠፉ ቁጥር 80 ክር ከመቁጠር ቁጥር 20 ይዞ መረቡን ማስፋት ይሻላል። ከ1.25 እስከ 1.75 ሚሊ ሜትር ያለው የብረት ኪሮሽ ለዚህ ይበቃል።

«ዳንቴል ይለጠጣል፤ ልክ አያስፈልገውም» የሚለውን እኔም አምኜ ነበር። የመጀመሪያውን ጥንድ የሠራሁት ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ነው። ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወርድ ሰጥቼ ሠራሁት፤ ስለብሰው ልክ መጣልኝ። እራት ቀርቦ ተቀምጬ ስነሣ ጉልበቱ ከረጢት ሆኗል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጨማዷል። ያን ምሽት ጭፈራውን ከወንበሬ ሆኜ ነው ያየሁት። ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው። ሹራብ የተያያዙ ክፍት ቀለበቶች ናቸው፤ ሲስቡት ቀለበቱ ይከፈታል፣ ሲለቁት ይመለሳል። በኪሮሽ ግን እያንዳንዱ ቀለበት ቀጣዩ ሳይጀመር ይቆለፋል፤ ጥጥ ደግሞ በተፈጥሮው ተለጥጦ አይመለስም። የዳንቴል ስቶኪንግ የእግሩን ቅርጽ ራሱ መያዝ አለበት። ጭን፣ ከጉልበት በታች፣ የባት ወፍራሙ ቦታ፣ ቁርጭምጭሚት፤ አራቱም ይለካሉ፣ በመካከላቸው ያለው ርዝመትም ይለካል፤ ቀለበቱም እንደ ልኩ ይቀነሳል። ላስቲክነት ያለው የካልሲ ክር ከተገኘ ሥራው ይቀላል። ካልተገኘ የላይኛው ጠርዝ ላይ ቀጭን ላስቲክ ይገባል፣ ወይም ወገብ ላይ በሚታሰር ባለ መቆንጠጫ ቀበቶ ይያዛል። እግር የሚረግጠው ቦታ ጥቅጥቅ ባለ አጭር ሥራ ይሁን፤ የመረብ ቋጠሮ በተረከዝ ጫማ ውስጥ ውሎ አያሳድርም።

ከኋላ ያለው መስመርም ለጌጥ የመጣ አይደለም። በ1864 የእንግሊዙ ዊልያም ኮተን የባለቤትነት መብት ያወጣበት ማሽን ስቶኪንጉን ዘርግቶ፣ የእግርን ቅርጽ እንዲይዝ እያጠበበ ነበር የሚሠራው፤ ከዚያ ከኋላ ይሰፋል። መስመሩ ያ ስፌት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ስቶኪንግ ሲጠፋ ሴቶች በቅንድብ እርሳስ እግራቸው ላይ እስኪስሉት ድረስ ተወደደ። ዳንቴል ላይ ደግሞ ያለ ማስመሰል ይመጣል፦ ቀለበት የምትቀንሱት ከመሐል መስመሩ ግራና ቀኝ ከሆነ፣ መስመሩ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን በራሱ ይወጣል።

«ሱቅ ውስጥ ያለው ርካሹ የኪሮሽ ዳንቴል በማሽን ነው የሚወጣው» የሚለው ከሁሉ በላይ ያመኛል። የኪሮሽ ዳንቴል የሚያስመስል ማሽን ሞልቷል፤ እውነተኛውን የኪሮሽ ሥራ ግን ፋብሪካዎች ዛሬም በእጅ ነው የሚያሠሩት። በርካሽ የተሸጠው የኪሮሽ ጡት ማስያዣ የአንዲት ሴት የቀናት ድካም ነው። ይህ የእጅ ድካም ዋጋ ያገኘበት ጊዜም አለ፤ በአየርላንድ ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ ረሀብ በገባ ጊዜ፣ በ1847 የክሎንስ ከተማ ቄስ ባለቤት ካሳንድራ ሃንድ ኪሮሽን ለአካባቢው ሴቶች አስጀመረች። አንዷ አበባ፣ አንዷ ቅጠል እየሠሩ፣ ሌላዋ እያገጣጠመች፣ ለባለጸጎች ልብስ የሚሆን ዳንቴል አወጡ፤ በገንዘቡም ቤተሰባቸውን መገቡ። ዋጋ ስጠራ «በዛ» የሚሉኝን የምቀመጥበትን ሰዓት አብረውኝ እንዲቆጥሩ እጠይቃቸዋለሁ።

እጥበትን በተመለከተ፣ ጥጥ ሲረጥብ ይጠነክራል እንጂ አይደክምም፤ ሲረጥብ የሚደክመው ሐር ነው። ስለዚህ የጥጥ ዳንቴልን ለብ ባለ ውሃ ለማጠብ አትፍሩ። የሚያበላሸው ማስጫው ነው። ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ በውሃው ክብደት ይረዝማል። ፎጣ ላይ ጋደም አድርጋችሁ፣ ጉልበቱንና ባቱን በእጃችሁ ወደ ልኩ መልሳችሁ፣ እንደዚያው እስኪደርቅ ተዉት።